አሥሩ ሎተሪ የማን ነው?

የዛሬው ደብዳቤ ከጎንደር፣ ከቁስቋም ሰፈር የመጣ ነው። ጸሐፊዋ «ተቀባይዋ» በሉኝ ብላለች። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። አራዳ ገበያ ትንሽ ሱቅ አለኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ እኛ አያ ነው የምንለው፣ አሜሪካ ቨርጂኒያ ከገባ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። እናታችንን የሚጦራት እሱ ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ የሚችለውም እሱ ነው። እኔ ሁልጊዜ ተቀባይ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ሰጥቼው አላውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። የእንቁጣጣሽ ሎተሪ ቆርጬ በሰው ላክሁለት። ኪሎ የለው፣ ሻንጣ አያጣብብ። ተጓዥ ደጅ መጥናት የለ። ከወጣለት ደግሞ እኔም ሰጠሁት ማለት ነው። በጣም ደስ አለው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እልካለሁ። ካቻምና በምላሹ ፓወርቦል የሚሉት የአሜሪካ ሎተሪ ቲኬቶች ፎቶ ላከልኝና ‹አንቺ ሁለት ብትቆርጪልኝ እኔ ሃያ ቆርጬልሻለሁ› ብሎ ሳቀ። አምና ግን ዝም አለ። መድረሱን የነገረችኝ ሚስቱ ናት። እሷም ትሳቅ ትቆጣ ሳይገባኝ ‹እባክሽ እቴ፣ ሎተሪ የሚባል ነገር አትላኪለት› አለችኝ። ከፍቶኛል። ስጦታዬን ናቀችው አልሁ።

ዘንድሮ እልህ ይዞኝ አሥር ቆረጥሁ። ሰባቱ ለአያና ለሚስቱ፣ ሦስቱ ለልጃቸው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። የሚወስድልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው፤ ለክረምት መጥቶ ሐሙስ ይመለሳል። ባሌ ግን ‹ወረቀቱን ምን አስላከሽ? ቢወጣ የሚከፈለው እዚህ ነው። መሳቢያ ውስጥ አስቀምጪውና ቁጥሩን ንገሪው። ትንሽ ከወጣ ለእሱ፣ ትልቅ ከወጣ እንነጋገራለን› ይላል። ይቺ ‹እንነጋገራለን› አላማረችኝም። ልላከው ወይስ ላስቀምጠው? ቢወጣስ የማን ነው?

ለነገሩ አያ ዘንድሮ የሚልከው ቀነስ ብሏል። አልጠየቅሁትም። እንዲያው ማለቴ ነው።»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ከላይ እስከ ታች ሎተሪ ሎተሪ ይላል። የእኔ ዓይን የቀረው ግን «እንዲያው ማለቴ ነው» ያልሽው ላይ ነው። እመለስበታለሁ። ሐሙስ ቅርብ ስለሆነ አስቀድሜ የሚቸኩለውን ልመልስልሽ።

ቲኬቶቹን ለጎረቤትሽ ልጅ አትስጪው። አሜሪካ የውጭ አገር ሎተሪ ወደ አገሯ እንዲገባ አትፈቅድም። በፈረንጆቹ 1930 በወጣው የጉምሩክ ሕጋቸው ውስጥ የሎተሪ ቲኬት፣ ለሎተሪነት ሊያገለግል የሚችል የታተመ ወረቀት፣ የሎተሪ ማስታወቂያ ሳይቀር ከክልክል ዕቃዎች ተርታ ተጽፏል። በፖስታ መላክም አይቻልም። ስለዚህ ፒያሳ ወርደሽ ያቺን ጣልያን የሠራትን ፖስታ ቤት ልሞክር እንዳትዪ።

በአንድ ወረቀት ይህን ያህል መጨከን ምን ይሉታል ብትዪ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሉዊዚያና የሚገኝ አንድ የግል ኩባንያ ሎተሪውን በፖስታ ለመላው አሜሪካ ይቸበችብ ነበር። በ1890 ኮንግረሱ ፖስታውን ዘጋበት። ኩባንያው እጁን አልሰጠም። ጓዙን ጠቅልሎ ሆንዱራስ ገባና ከዚያ ሆኖ መሸጡን ቀጠለ። በ1895 ደግሞ ከውጭ ማስገባቱም ታገደ። በሩ የተዘጋው ለእነዚያ ነጋዴዎች ነበር። አንቺ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ከአራዳ ተነሥተሽ ትላተሚዋለሽ።

«አራት ዓመት ስልክ ማን ጠየቀኝ?» ትዪ ይሆናል። እውነት ነው፣ ልብስ መካከል የገባች ወረቀት ማንም ላያያት ይችላል። ከተገኘች ግን የሚቆመው አንቺ አይደለሽም። እናቱን ሊያይ መጥቶ የሚመለሰው የሰው ልጅ ነው። ፖስታ አምጥተሽ «አደራ» ስትዪው ምን እንዳለበት እንኳ አይጠይቅሽም። እኛ አገር የተላከ ዕቃ ከፍቶ ማየት ነውር ነው፤ ስለዚህ ሳያውቅ ተሸክሞልሽ ይሄዳል።

ደግሞስ፣ ወረቀቱ ቨርጂኒያ ሆኖ ምን ይሠራል? የብሔራዊ ሎተሪ ዕጣ የሚከፈለው ዋናውን ቲኬት ይዞ ለቀረበ ነው፤ መክፈያ ጊዜውም ገደብ አለው። ቢወጣ እንኳ ወረቀቱ ተመልሶ በሰው መምጣት ነበረበት። አምና የላክሻቸውን ቁጥር ከወጣው ዝርዝር ጋር ያስተያየ ሰው አለ? የለም ብዬ እወራረዳለሁ። አሁን የሆነ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፒዛ ቤት ወረቀትና ካለቀ ባትሪ ጋር ተኝተዋል።

የልጁን ሦስት ቲኬትም ተዪው። በየዓመቱ በፈረንጆች የገና ሰሞን ቁማር ያስቸገራቸውን ሰዎች ጉዳይ የሚከታተለው የአሜሪካ ብሔራዊ ምክር ቤትና ካናዳ ያለው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ለወላጅም ለዘመድም አንድ ማሳሰቢያ ይነግራሉ፤ ለልጅ ሎተሪ ስጦታ አይሁን ነው የሚሉት። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከጎንደር አክስቱ የሚጠብቀው ሌላ ነው።

እስከዚህ ባልሽ ልክ ነው። ወረቀቱ እዚህ ይቅር። «እንነጋገራለን» ላይ ግን ከአንቺ ጋር ነኝ።

የእኔን ቤት ነገር ልንገርሽ። አዘዞ የምትኖር አክስት ነበረችኝ፤ ነፍሷን ይማር። የወንድሟ ልጅ ካርቱም ይሠራ ነበር። አንድ ዓመት ሁለት ሎተሪ ቆረጠች። «አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሱ» አለች፤ ለእሱም በስልክ ነገረችው። ሁለቱንም ዳዊቷ ውስጥ ከተተቻቸው። ከዚያ አንደኛው ወጣ። ሚሊዮን እንዳይመስልሽ፤ አንድ ፍሪጅ የምትገዛ ብር ናት። የትኛው የማን እንደነበረ ግን ማን ያውቃል? ቁጥር አልተነገረ፣ ምልክት አልተደረገ። አክስቴ ውሸታም አልነበረችም። «የወጣው የእኔው ነው» ስትል ከልቧ አምና ነው። ፍሪጁ ተገዛ፣ ሳሎን ገባ፣ በላዩ ዳንቴል ተነጠፈበት።

ልጁ ከሁለት ዓመት በኋላ መጣ። ግንቦት ነበር፣ አዘዞ በሙቀት የምትፈላበት። ከዚያ ፍሪጅ ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ ቀረበለት። ብርጭቆው ላቡን አውጥቷል። «ብርድ ይዞኛል፣ የጋኑን ስጡኝ» አለ። ሳሎን ያለነው ሁሉ ገባን። አክስቴም ገባት። ማንም ምንም አልተናገረም። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ነገር ሁለቱ አልተነጋገሩም።

እንግዲህ በፍሪጅ ይህ ከሆነ በመኪናና በቤት ምን ይሆናል?

ሕጉም አያድንሽም። የቤተሰብ ሕጋችን በትዳር ዘመን የተገኘ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ ነው ብሎ ይነሣል። አይ፣ የግል ነው የሚል ያስረዳ። ቲኬቱ ላይ ደግሞ ስም የለም፤ የያዘው ነው ባለቤቱ። ስጦታ ነው ብትዪም፣ እንዲህ ያለ በእጅ የሚያዝ ነገር ተሰጠ የሚባለው ለተቀባዩ ሲያስረክቡት ነው። መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ቲኬት በአንቺ ልብ የአያ ነው። ዳኛ ፊት ግን የአንቺና የባልሽ ሊሆን ይችላል። ባልሽ አስቦበት ይሁን አፉ አምልጦት «እንነጋገራለን» ያለው፣ የሚነጋገርበት መሬት አለው። ክፉ ሰው ነው እያልሁሽ አይደለም። ላም አለኝ በሰማይ ሲሆን ሁሉም ቸር ነው። ላሟ ግቢ ስትገባ ነው ሰው የሚታወቀው፤ ያን ቀን እኔም ራሴን አላምነውም።

ይህን የምታነቡ ሌሎችም አላችሁ። ጎንደር ውስጥ ዘመዱ ያልተሻገረ ቤት የለም፤ ወይ እስራኤል፣ ወይ አሜሪካ፣ ወይ በመተማ በኩል አልፎ ሱዳን። ለውጭ ዘመዳችሁ ሎተሪ ልትቆርጡ ካሰባችሁ ነገሩን ዕጣው ሳይወጣ ጨርሱት። ቲኬቱን ፎቶ አንሱና ለዘመዳችሁ ላኩለት፤ «ይህ ቁጥር የአንተ ነው፣ ቢወጣ ሙሉው የአንተ ነው» ብላችሁ ጻፉበት። ግማሽ በግማሽ ከሆነም ግማሽ ብላችሁ ጻፉት፤ ነውር የለውም። የትዳር ጓደኛ ይስማ። ዋናው ወረቀት የዘመዳችሁ ስም የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ይግባ። ዕጣው ከወጣ በኋላ የተላከ መልእክት ዋጋ የለውም፤ ያኔማ ሁሉም የሚመቸውን ያስታውሳል። ፎቶውን ግን ከቤተሰብ አታስወጡት። ፌስቡክ ላይ «ደረሰን!» ብሎ መለጠፍ ሌባና ተበዳሪን ባንዴ መጥራት ነው። «ዕጣዎን ለመልቀቅ መጀመሪያ ይህን ያህል ብር ያስገቡ» የሚል ስልክ ከመጣ ዝጉት። እውነተኛ ዕጣ ላይ ግብር ይቀነስ ይሆናል እንጂ ለመቀበል አስቀድሞ ክፈል አይባልም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እኛ እዚህ ሚሊዮን ስንል እነሱ በዶላር ይመነዝሩታል። ሐምሌ 2016 ማብቂያ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ሚሊዮን ብር በባንክ ተመን አሥራ ሰባት ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ዛሬ አሥር ሺህም አይሞላም። እሱም ቢሆን እንዲሁ ተመንዝሮ ቨርጂኒያ አይደርስም፤ የግለሰብን ብር ወደ ዶላር አስቀይሮ ማውጣት እንደ ማስገባቱ ቀላል አይደለም። አሜሪካ የሚኖር ሰው ደግሞ በየትኛውም አገር ያገኘውን ገቢ ለመንግሥቱ ማሳወቅ አለበት፤ የውጭ የባንክ ሒሳቡ ከአሥር ሺህ ዶላር ካለፈም ሒሳቡን ራሱን ያሳውቃል። እና ቢወጣ ገንዘቡ የሚቀረው እዚሁ ነው። ወይ የእናትሽን ጣሪያ ያድሳል፣ ወይ ባንክ ይቀመጣል።

አሁን ወደ «እንዲያው ማለቴ ነው» እንመለስ።

ለሌሎቹ «ፎቶ ላኩለት፣ የአንተ ነው በሉት» ብያለሁ። አንቺ ግን ይህንንም አታድርጊ። ቢያንስ ነገ ማታ ድረስ።

ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ነገር በትነሻል። አያ ካቻምና ሃያ ፓወርቦል ቆረጠ። ሚስቱ ሎተሪ የሚባል ነገር አትላኪለት አለች። ዘንድሮ የሚልከው ቀነሰ። አንቺ ለየብቻ ነው የጻፍሻቸው፤ አንዱን ለሳቅ፣ አንዱን ለቅያሜ፣ አንዱን ለማለት ያህል። እኔ ጎን ለጎን ሳነባቸው ደነገጥሁ።

ተሳስቼ ይሆናል። ቢሆንልኝ ደስ ይለኛል። ቨርጂኒያ የቤት ኪራይ ውድ ነው፤ የሚልከው የቀነሰው ለዚያ ሊሆን ይችላል። ሚስቱም የሃይማኖት ነገር ይዟት ሊሆን ይችላል፤ ከክርስቲያኑም ሎተሪን የማይወድ ብዙ ነው፣ ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቁማር ስለሆነ ሐራም ነው። ከመስጠት በፊት መጠየቅ የሚሻለውም ለዚህ ነው። ሃያ ቲኬት የቆረጠ ሰው ሁሉ ታመመ አይባልም። በሁለት ሁለት ዶላር ሒሳብ አርባ ዶላር ነው፤ ለቀልድ የሚወጣ ገንዘብ ነው ብንል ያስኬዳል።

ግን ቀልድ ካልሆነስ?

እዚያ ሎተሪ እንደኛ አዟሪው ካፌ ደጃፍ ድረስ ይዞልሽ መጥቶ «ነገ የሚወጣ!» እስኪልሽ አይጠበቅም። ነዳጅ ማደያ ገብተሽ ቡና ስትከፍዪ ከገንዘብ ተቀባዩ አጠገብ በጥቅል በጥቅል ተሰቅሎ ይጠብቅሻል። እየተፋቀ የሚታየው ዓይነት የአንድ ዶላር አለው፣ የሃያ አለው፣ ከዚያም በላይ አለው። ዕጣ እስኪወጣ ሳምንት መጠበቅ የለም። ሰውየው ከሥራ ሲወጣ ይገዛል፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል፣ ሳንቲም ያወጣል፣ መሪው ላይ አስደግፎ ይፍቃል። አምስት ዶላር ይወጣለታል። ተመልሶ ገብቶ በአምስቱ ሌላ ይገዛል። ቤት ሲገባ የሚታየው ጣቱ ላይ የቀረች ግራጫ ብናኝ ብቻ ናት። ፓወርቦል ደግሞ የመጀመሪያውን ዕጣ የማግኘት ዕድሉ ከ292 ሚሊዮን አንድ ነው። የኢትዮጵያን ሕዝብ ሁለት ጊዜ ብትደምሪው እንኳ እዚያ አይደርስም። ሰው ይህን እያወቀ ይቆርጣል፤ ማወቁ አያቆመውም።

እንዲህ ካለ ነገር ለመውጣት የሚታገል ሰው ቢሆን ወንድምሽ፣ የአንቺ አሥር ቲኬት ምን እንደሚሆንበት አስቢው። መጠጥ የተወ ሰው ቤት ለእንኳን አደረሰህ ዳግም አረቄ በጠርሙስ ይዞ መሄድ ነው። ያውም ከእህት፣ ያውም ከእናት ቤት የመጣ። ነዳጅ ማደያውን ሊያልፈው ይችላል። ይህን እንዴት ያልፈዋል? ሚስቱም ገመናውን አውጥታ ልትነግርሽ አትችልም፤ ባሏ ነው። የምትችለውን ነው ያለችሽ። «አትላኪለት» አለችሽ፣ አንቺ ናቀችኝ አልሽ።

ስለዚህ ነገ ማታ ደውዪላት። ለእሱ አይደለም፣ ለእሷ። በእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን በዚህ ወቅት እነሱ ዘንድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ እሱ ሥራ ላይ ከሆነ ብቻዋን ታገኛታለሽ። ባልሽም ልጆችሽም በሌሉበት ደውዪ። እንዲህ በያት፦ «ያን ጊዜ ስለ ሎተሪው ስትነግሪኝ ተቀይሜ ነበር። አሁን ሳስበው ሳልሰማሽ ቀርቼ ይሆናል። አያ ደኅና ነው?» ከዚህ በላይ አትጨምሪ። ስለ ገንዘቡ መቀነስ በፍጹም አታንሺ፤ ካነሣሽ የደወልሽው ለብሩ ይመስላታል። ዝም ካለች ዝም በዪ። የስልክ ዝምታ ያስጨንቃል፣ ካርድ ይቆጥራል፣ ቢሆንም ቻዪው።

ከነገረችሽ ነገሩ አንቺ ጋር ይቅር። ለእናትሽ አይሂድ፣ ለባልሽም ቢሆን ቶሎ አይሂድ። አያን ደውለሽ አትምከሪው፤ ታናሽ እህቱ ነሽ፣ ያፍራል፣ ሲያፍር ደግሞ ይርቃል። ለሚስቱ ግን ይህን ልትነግሪያት ትችያለሽ፦ አሜሪካ ውስጥ ቁማርና ሎተሪ ላስቸገረው ሰውና ለቤተሰቡ የሚያማክር በ1-800-426-2537 የሚደወልበት መስመር አለ። ባል ሳይደውል ሚስት መደወል ትችላለች። «ምንም የለም፣ እንዲያው ዕቃ በዛብን ነው» ካለችሽም እሰየው። ስቃችሁ ዝጉት፤ የአንድ ዓመት ቅያሜ አብሮ ይዘጋል።

ይኸው አሥሩ ቲኬት ገና መሳቢያሽ ውስጥ ነው። ተቆርጧል፣ አይመለስም። የማን ይሁን ብለሽ ጠይቀሻል። የእኔ ሐሳብ ለእናትሽ ስጫት ነው። «ለአንቺ ነው የቆረጥሁልሽ» ብለሽ በእጇ አስጨብጫት፣ ባልሽ አጠገብሽ ቆሞ ይይ። ያኔ ስጦታው ተሰጠ፣ አለቀ፣ የሚያነጋግር ነገር የለም። ቢወጣ የእሷ ነው። የሷ ጓዳ ሲሞላ የሚቀለው የአያ ሸክም ነው፤ አንቺም ለእሱ የፈለግሽው ይህንኑ ነበር። ለአያ ግን የቲኬቱን ነገር አታንሺለት። ባልሽ ቅር ካለው ቅር ይበለው። ለአማቹ ሊሰጥ ያልነበረውን ለአማቱ ሲሰጥ ይልመደው።

ስለ «ተቀባይነትሽ» አንድ ነገር ብቻ ልበል። እናትሽን ደም ግፊቷን ለማስለካት ማን ነው ክንዷን ይዞ የሚወስዳት? ኅዳር 6 ለቁስቋም ዝክሯ ጠላውን ማን ነው የሚጠምቀው? አያ በየወሩ ብር የሚልከው አንቺ እዚያ ስላለሽ ነው። ባትኖሪ ኖሮ ሠራተኛ ይቀጥር ነበር፣ ሠራተኛዋንም ሲያስብ ያድር ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትሰጪ ኖረሽ ሎተሪ ቆርጬ ልካስ ማለትሽ ገርሞኛል።

አሁንም መላክ እፈልጋለሁ ካልሽ የሚላክ ሞልቷል። ቋንጣ አትላኪ፣ ሥጋ ስለሆነ ጉምሩኩ ይጥለዋል። ሽሮና በርበሬ ግን ከላዩ ስሙ ተጽፎበት፣ ተጓዡም አለኝ ብሎ ካስመዘገበው ያልፋል። ቡናም እንዲሁ። ከሁሉም ከሁሉም እናትሽ የጋገረችውን እንጀራ ድርቆሽ አድርጊው። ነሐሴ ነው፣ ፀሐይ የለም፤ ምጣዱ በረድ ሲል እላዩ ላይ እየገለባበጥሽ ታደርቂዋለሽ፣ እናትሽ ታውቅበታለች። ስትሠራ ስልክሽን አጠገቧ አድርጊና ድምፅዋን ቅጂው። «ይኸ ልጅ ድርቆሹን ወጥ ሳይበዛበት ነው የሚወደው» ትላለች መቼም፤ እናት አይደለች? ያን ቅጂ በቴሌግራም ላኪለት። ለዚያ ለአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ የአባቱን የልጅነት ፎቶ ከእናትሽ አልበም አውጪለት፤ ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ዘሎ ገብቶ እርጥብ ልብሱን ለብሶ የተነሣው አይጠፋም። የእኛ ዘመን ሰው ሁሉ አለው።

አዎ፣ ይኸኛው ኪሎ አለው። ዛሬውኑ ወደ ጎረቤትሽ ሂጂና የልጁ ሻንጣ ሳይሞላ ሁለት ኪሎ ለምኚው። ሁለት ካልሆነ አንድ ተኩል በዪው።